አልፈለጥ ያለ ጉቶ

በሐይቅ ከተማ ዙሪያ ባሌ ሙነወር ያቃተውን ጉቶ ሌላ ሰው ይፈልጠዋል ማለት ዘበት ነው። እንጨቱን አንዴ ዞሮ ያየዋል፣ ስንጥቁን በአውራ ጣቱ ይፈልጋል፣ ቀጭኑን ሽብልቅ ይተክልና በመዶሻ ይመታዋል። አፉን ሲከፍትለት ወፍራሙን ያስከትላል፤ ከዚያ ወዲያ እንጨቱ ራሱ ይለያያል። እንግዲህ በገዛ ግቢው አንድ የግራር ጉቶ አልፈለጥ ብሎት ሰፈሩን ሳምንት ሙሉ ያሳቀው ይኸው ሰው ነው።

እኔስ አልሳቅሁም። የአንዲት ልጃችን የዑምኩልሱም ኒካ እሁድ ነው፤ ዳሱ የሚተከለው ደግሞ ልክ ጉቶው ያለበት ላይ። ሙሽራው ከነዘመዶቹ ከውጫሌ ሲመጣ ጉቶ ላስታቅፈው ነው?

ሙነወር መጀመሪያ ሽብልቆቹን ሌባ ወሰዳቸው አለኝ። ከጎረቤታችን ከመዝገቡ አንድ ተውሼ አመጣሁለት፤ ጫፉ ዶልዱሟል ብሎ መለሰው። ደግሞ ሄጄ ሌላ አመጣሁ፤ ያንን ወስዶ ጉጡ ላይ ተከለው። ጉጥ ላይ ሽብልቅ እንደማይተከል እኔ እንኳ አውቃለሁ። መዶሻው ባረፈ ቁጥር ሽብልቁ እየተፈናጠረ ይወጣል፤ አንዷን ዶሮዬን ለጥቂት ነው የሳታት። መዝገቡ አጥሩን ተደግፎ ሲያይ ቆየና፣ የሰውየውን እጅ ዓይን ሳይነካው አልቀረም ብሎ አዘነልኝ።

ሐሙስ ለሰርጉ ጤፍ ልቀዳ ጎታው ውስጥ እጄን ብሰድ ብረት ነካኝ። ሌባ ወሰዳቸው የተባሉት ሽብልቆች፣ ቀጭኑም ወፍራሙም፣ ጤፍ ለብሰው ተኝተዋል። ደሜ ፈላ። ይዣቸው ወጣሁና እግሩ ሥር ወረወርኳቸው።

ሙነወር መዶሻውን አስቀምጦ ጉቶው ላይ ቁጭ አለ።

«ጉቶው ከተነሣ ዳሱ ይተከላል» አለኝ። «ዳሱ ከተተከለ ይወስዷታል።»

ዑምኩልሱም ለካ በር ላይ ቆማ ትሰማ ኖሯል። መጥታ አባቷን በክንዱ ይዛ አስነሣችው። ከልጅነቷ ጀምሮ ሲፈልጥ ከአጠገቡ ጠፍታ አታውቅምና ስንጥቁን ለማግኘት አልተቸገረችም። ቀጭኑን ሽብልቅ ተከለችና መዶሻውን አነሣች።

«አባ፣ የምሄደው እኮ ውጫሌ ነው» አለችው። «ዓረብ አገር አይደለም።»

መታችው። ጉቶው ሲንቋቋ ወፍራሙን ሽብልቅ ያቀበላት ሙነወር ራሱ ነው። እስከ ማምሻው አባትና ልጅ እየተቀባበሉ ሥሩን ሳይቀር ነቅለው ጨረሱ። ሙነወርም ቀለል አለው፤ ለመዝገቡ፣ ያ ዓይን አልሐምዱሊላህ እጄን ለቀቀኝ ሲለው ሰማሁት።

እኔ ስንጥርጣሪውን ልጠርግ መጥረጊያ ይዤ ወጣሁ። ግቢው ፏ ብሎ ተከፍቶ ዳሱን ይጠብቃል። ሳምንት ሙሉ ስነዘንዘው የከረምኩት ሴትዮ እዚያው ቆሜ እንባዬ ወረደ። ሙነወርን ጠርቼ ጉቶውን መልሰህ ግጠመው ልለው ምንም አልቀረኝም።