የዪ-ጁን አበባ

ደብዳቤውን በፀጉር ቤቷ በር ስር ያገኘችው ሰኞ ጠዋት ነበር። ለሎ ዪ-ጁን የተጻፈ ነው። የተማረችበት ትምህርት ቤት ስልሳኛ ዓመቱን ሲያከብር፣ ለሕዝብ ትልቅ ውለታ የዋሉ የቀድሞ ተማሪዎቹን ቅዳሜ ምሽት ሊሸልም ነውና እንድትገኝ ይላል።

ሦስት ጊዜ አነበበችው። የምን ውለታ? ሠላሳ ዓመት የሰው ራስ ስታጥብ ነው የኖረችው። ሰው ራሱ ሲታጠብ ዓይኑን ጨፍኖ የሆዱን ያወራል፤ እሷም ታዳምጣለች። ምናልባት ይህንንም የቆጠረው ሰው ይኖር ይሆን?

ግራ ሲገባት መንገዱን ተሻግራ መቅደሱ ውስጥ በባሕሯ አምላክ በማዙ ምስል ፊት ተንበረከከች። ፈቃዷ የሚጠየቅባቸውን ሁለት ቀያይ የእንጨት ግማሽ ጨረቃዎች በመዳፎቿ መሃል ይዛ፣ «እመቤቴ፣ ልሂድ ወይስ ልቅር?» ብላ ጣለቻቸው። አንዱ በሆዱ፣ ሌላው በጀርባው ወደቀ፤ ሂጂ ማለት ነው። ደገመች፣ ሰለሰች። ሦስቴም ሂጂ ተባለች። ከዚያ ወዲያ ማን ይከራከራል።

እናቷ ደብዳቤውን በጎረቤት አስነበቡት። እዚህ ላይ የቆየ ነገር አለ። እናቷ ሲወልዷት ቻው-ዲ ነበር ያሏት፤ ታናሽ ወንድም ጥሪ ማለት ነው። ወንድምየው ሳይመጣ ቀረ። በሠላሳ ስምንት ዓመቷ በሽታ ሲመላለስባት፣ የስም አዋቂ ዘንድ ሄዳ ስምሽ ከብዶሻል ተባለችና ዪ-ጁን ሆነች። መንደሩ ሁሉ ለመደው። እናቷ ግን፣ «እኔ የወለድኩት ቻው-ዲን ነው፤ ያቺን ሌላዋን አላውቃትም» እንዳሉ አሥራ ሁለት ዓመት ሞላቸው።

«ደብዳቤው ማን ይላል?» አሉ ጎረቤትየውን።

«ሎ ዪ-ጁን ነዋ፣ እትዬ።»

ደብዳቤውን ተቀብለው ጣታቸውን ጽሕፈቱ ላይ አኖሩ። ከዚያም እንደ ትኩስ ሩዝ በአፋቸው እያገላበጡ፣ «ዪ-ጁን» አሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አትክልት ሻጯም ዓሣ ሻጩም «የኔ ዪ-ጁን ልትሸለም ነው» ሲባሉ ሰነበቱ። ልጅቱ በሰማችው ቁጥር ደረቷ ውስጥ አንድ ነገር ይቀልጥ ነበር።

ቅዳሜ ምሽት የትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ድንኳን ተተክሎ፣ ክብ ጠረጴዛዎቹ ቀይ ላስቲክ ለብሰው ጠበቁ። በር ላይ አንዲት ወጣት መምህርት ደረቷ ላይ ቀይ አበባ ሰካችላትና ከነእናቷ ሦስተኛው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠቻት። አጠገቧ ፀሐይ ያጠቆራት፣ ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች ሴት ነበረች። እሷ አበባ የላትም።

«ተሸላሚ ነሽ? ምን ሠርተሽ?»

«እኔም እሱን ልስማ ብዬ ነው የመጣሁት።»

ሴትዮዋ ሳቀች። «ሎ ፒን-ዩ እባላለሁ። ከባሕሩ ማዶ ካሉት ደሴቶች ነው የመጣሁት፣ ነርስ ነኝ። የድሮ አስተማሪያችን መምህር ኮ ሳይሞቱ ልያቸው ብዬ ነው እንጂ እኔን እንኳ የጠራኝ የለም።»

ሾርባው ሲቀርብ ድምፅ ማጉያው ጮኸ። «በሩቅ ደሴት ሠላሳ ዓመት በነርስነት ያገለገሉ፣ ማዕበል መንገዱን ሲዘጋ በዓሣ ጀልባ ላይ እናቶችን ያዋለዱ፣ ሎ ዪ-ጁን።»

የፒን-ዩ መመገቢያ እንጨት አፏ ጋ ሳይደርስ ቆመ። «ይሄ የኔ ስም ነው» አለች ቀስ ብላ። «ማለቴ፣ ነበረ። ባሌን ባሕር ሲወስደው የስም አዋቂው ቀይሪ አለኝ።»

«እኔንም ቀይሪ ብሎ ይሄንን ሰጠኝ።»

ተያዩ። ትምህርት ቤቱ በድሮ መዝገብ ላይ ያለችውን ዪ-ጁን ሲፈልግ፣ ዛሬ ዪ-ጁን የምትባለውን አግኝቷል።

እናቷ ጆሯቸው ስለደከመ ከዚያ ሁሉ የያዙት ስሙን ብቻ ነው። በክርናቸው ጎሸም አደረጓት። «ዪ-ጁን፣ ተነሺ እንጂ።»

ነርሷ አሮጊቷን አየቻቸው። «ሂጂ» አለች። «እናትሽ እያዩሽ ነው። እኔ ምንም አልልም።»

ዪ-ጁን ተነሣች። ሰው ያጨበጭባል። ዝም ብላ ብትቀበል እናቷ እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ ዪ-ጁን ይሏታል። ማዙስ ሂጂ ብላት የለ? እግሯ ይሄዳል፣ ልቧ ግን የት እንደሚሄድ አያውቅም።

መድረኩ ላይ መምህር ኮ የምስጋናውን ሰሌዳ እንደያዙ ዓይናቸውን አጠበቡ። «ቻው-ዲ አይደለሽም?»

«ነኝ፣ መምህር። ዪ-ጁንም ነኝ።»

«ነርስ ሆንሽ?»

«አልሆንኩም። ነርሷ ዪ-ጁን ሦስተኛው ጠረጴዛ ላይ ናት። አሁን ግን ዪ-ጁን አይደለችም።»

«ምንም አልገባኝም፣ ልጄ።»

«እኔም፣ መምህር።»

አበባውን ስትነቅል መርፌው ጣቷን ወጋት። ወርዳ በነርሷ ደረት ላይ ሰካችው። አንዳንዱ ያጨበጭባል፣ አንዳንዱ ጎረቤቱን ይጠይቃል፤ ድምፅ ማጉያው ስሙን ደግሞ ጠራ። ፒን-ዩ እያመነታች ወደ መድረኩ ወጣች።

«አበባሽን ለምን ሰጠሻት?» አሉ እናቷ።

«የሷ ነው፣ እማ።»

«የጠሩት አንቺን ነው።»

«እሷን ነው የጠሩት።»

አሮጊቷ አበባው የነበረበትን ቦታ በጣታቸው ነኩ። «ታዲያ ማዙ ለምን ሂጂ አለችሽ?»

ዪ-ጁን መቅደስ ውስጥ የጣለቻቸውን እንጨቶች አሰበች። ልሂድ ወይ ብላ ነው እንጂ፣ የኔ ነው ወይ ብላ አልጠየቀችም።

ግብዣው ሲያልቅ እናቷ እንደ ሌላው ሰው የተረፈውን የዓሣ ሾርባ በላስቲክ ቋጠሩ። ቀና አሉ። «ቻው—» ብለው ተዉት። «ዪ—» ብለው ያንንም ተዉት። ፊቷን እንደ አዲስ ፊት አዩት።

«አንቺ» አሉ በመጨረሻ፣ «ያዢልኝ፣ እንዳይፈስ።»

በሁለት እጇ ያዘችው። ገና ትኩስ ነበር።