የአራቱ ልጆች ፈተና

ዳይሬክተር ባሱ አግዳሚ ወንበሩን ወደ ዕቃ ቤት ሲጎትት መምህርት ቱዳ በሌላኛው ጫፍ ጨምድዳ ያዘችው።

"ልቀቂው እንጂ! የፈተና ተቆጣጣሪው የመንገዱ ሦስተኛ መጠምዘዣ ላይ ደርሷል። ባዶ ወንበር ካየ መጠየቁ አይቀርም።"

"ባዶ ያደረጉት እርስዎ ነዎት! አራቱን ልጆች ዛሬ እንዳይመጡ ማን አላቸው?"

"እኔ ነኝ፤ አላፍርበትም።" ተማሪዎቹ እንዳይሰሙ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "አሥራ ዘጠኙ ማንበብ ይችላሉ። አራቱ ሲጨመሩ የውጤታችን አማካይ ይወርዳል። ከወረደ አምስተኛና ስድስተኛ ክፍል ተዘግተው ወደ ከተማ ይዛወራሉ። ከዚያ በኋላ ሴት ልጁን እዚያ ድረስ የሚልክ አባት ካገኘሽ አሳዪኝ!"

ያለው እውነት ነበር። ለዚህች የአትላስ ተራራ ትምህርት ቤት ቢሮ ለቢሮ ዞሮ የጣሪያ ቆርቆሮ ያመጣው እሱ ነው። ቱዳ ግን ሌላም እውነት ታውቃለች። አራቱ የከብት አርቢ ልጆች ናቸው፤ በረዶ ሲወርድ ከቤተሰባቸው ጋር ሸለቆ ይወርዳሉ። ሲመለሱ ያመለጣቸውን ለብቻ የሚያስተምር የለም፤ እሷ ብቻዋን በአንድ ክፍል ውስጥ የሁለት ክፍል ተማሪዎችን ታስተምራለች።

በሩ ተንኳኳ። ሞሐ ነበር፤ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ለብሷል። ልጁ ኢቶ ከኋላው ቆማለች።

"እንደምን አደራችሁ። ኢቶ ዛሬ ትረፍ ብላችኋል አሉኝ። የጎረቤቴ ልጅ ግን ደብተሩን ይዞ ሲወጣ አየሁት። የእኔዋ ለብቻዋ ምን ሠርታ ደከመች?"

"ሞሐ ወንድሜ፣ ለእሷው ብለን ነው" አለ ባሱ። "ፈተናው ይከብዳታል።"

"ይክበዳታ! እኔስ ዳገቱ ቀሎኝ ነው የመጣሁት?"

ኢቶ መሬት መሬቱን እያየች "ቀስ ብዬ ነው እንጂ አነባለሁ" አለች።

ቱዳ ወንበሩን ከባሱ እጅ መንጭቃ ወደ ቦታው መለሰችና ኢቶን አስቀመጠቻት። ወዲያው ውጭ መኪና ቆመ። ተቆጣጣሪው ቦርሳውን አንጠልጥሎ ገባ።

"ዳይሬክተሩ እንደነገሩኝ አሥራ ዘጠኝ ናቸው፣ አይደል?"

ባሱ ቱዳን አያት። ዓይኑ ይለምናል።

"ሃያ ሦስት ናቸው" አለች ቱዳ። ከዚያም ወደ በሩ ዞረች። "የኢቶ አባት፣ የቀሩት ሦስቱ ልጆች ቤታቸው ናቸው። ቶሎ ብለው ይጠሩልኛል?"

ሞሐ ቁልቁለቱን ተያያዘው።

"እመቤት፣ ሌላ ትምህርት ቤት ይጠብቀኛል" አለ ተቆጣጣሪው ሰዓቱን እያየ።

"ገብቶኛል። ውጤታችን ዝቅ ይላል። እነሱ እስኪደርሱ ለምን ዝቅ እንደሚል ልንገርዎት፤ እሱንም ከውጤቱ ጋር ይጻፉልኝ" አለች ቱዳ።

ባሱ ግንባሩን በመዳፉ ያዘ። ተቆጣጣሪው ትንሽ አመነታና የታሸገውን የፈተና ፖስታ ዘረጋላት። ቱዳ ተቀበለችው፤ ልጆቹ እስኪደርሱ ሳትከፍተው ጠረጴዛው ላይ አኖረችና ለእንግዳው ወንበር ሳበችለት።