አንድ ጣት ሲቀረው

«‹ጣቴን!› ብላ ጮኸች አሉ» አለች አክስትየው፣ የሻይ ብርጭቆዋን ጉልበቷ ላይ እያሽከረከረች። «ጣቷን ሰብሮባት ነው እንጂ እሷን የሚችላት ወንድ መቼ ተፈጠረና!»

ሳሎኑን የሞሉት ሴቶች ከንፈራቸውን መጠጡ። የካራቴ አሰልጣኙ በግራና በቀኝ ብብቱ ሁለት ተጣጣፊ ወንበር ሸጉጦ በሩ ላይ ቆሟል። ወንበር አምጣ ያለው ሰው የለም። ከጠዋት ጀምሮ ከጎረቤት እየተዋሰ ያስገባል፤ ቤቱ ሲጠብ መልሶ ያወጣል። እህቱ ከሞተች ሁለት ቀኗ ነው፤ አንድ ዘለላ እንባ ግን አልወጣውም። ያየው ሁሉ «ጠንካራ ነው፣ ቻለው» ይላል። የምን መቻል! ከትናንት ወዲያ እኩለ ቀን ላይ «እህትህ ደረጃ ላይ ወድቃለች፣ ቶሎ ድረስ» ተብሎ ሲደወልለት በድንጋጤ የተከፈተው አፉ ገና በወጉ አልተዘጋም።

ሟቿን ቤቱም ሠፈሩም የሚጠራት «ፌንጣ» እያለ ነበር። በልጅነቷ መራመድ የሚባል ነገር አታውቅም፤ ከሶፋ ወደ አልጋ፣ ከአልጋ ወደ መስኮት እየዘለለች ነው ያደገችው። ስታድግ አንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለ መነጽር ቤት መስታወት እየሞረደች በፍሬም ልክ የምትገጥም ባለሙያ ሆነች። በዚያ ቀን አንድ ሰው ከአንዲት አሮጊት ደንበኛ እጅ ስልክ መንትፎ ሲሮጥ፣ ፌንጣ ሞረዷን ጥላ ተከተለችውና ደረጃው አናት ላይ ቀደመችው። ሰውየው ገፋት። ወደ ኋላ ወደቀች፤ ማጅራቷ የሲሚንቶውን ጠርዝ መታ። በቃ፣ ይኸው ነው። ሰውየው ምድር ቤት ሳይደርስ ተያዘ።

ሃያ ሁለት ዓመት ካራቴ የሠራች፣ ጥቁር ቀበቶ የታጠቀች ሴት በአንድ ግፊያ! ነገሩ በየትኛው በኩል ቢያዞረው አሰልጣኙ ጭንቅላት ውስጥ አልገባ አለ። ያስተማራት እሱ ነው፤ ከዘጠኝ ዓመቷ ጀምሮ። ስለዚህ ወንበር ሲያስገባም ሲያወጣም በሆዱ የሚመላለሰው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፦ መታችው ወይስ አልመታችውም? መትታው ሰውየው ከበረታባት፣ እሺ፣ እንደምንም ይውጠዋል። አንድ ጊዜ እንኳ ካልመታችው ግን ያን ሁሉ ዓመት ምን ሲያስተምራት ነበር?

ጣቷን ሰብሮባት ነው የሚለውን ወሬ አላመነም። አስከሬኑን ሲረከብ እጇን አይቷል፤ አሥሩም ጣቶቿ ደህና ነበሩ። ይህን ግን አፍ አውጥቶ አልተናገረም፤ እናቱ ሙጭጭ ብላ የያዘችው ነገር ያ ወሬ ብቻ ነውና። ጥግ ላይ ተቀምጣ ለገባው ለወጣው ሁሉ «ልጄ እጇን አጣጥፋ አልሞተችም» ትላለች። «ተዋግታ ነው የሞተችው። ጣቷን ባይሰብርባት ኖሮ…» ለቀስተኛውም «እንዴታ! እሷን እናውቃት የለ!» ብሎ ያጸናላታል።

ከሰዓት በኋላ የካራቴ ተማሪዎቹ መጡ። ለቅሶ ቤት ምን እንደሚደረግ የነገራቸው ያለ አይመስልም፤ ጫማቸውን አውልቀው ኮሪደሩ ላይ በቀበቷቸው ተራ ተሰለፉ፤ ጀማሪው ከበሩ ጋ፣ ነባሩ ከሳሎኑ ጋ። ቀበቶ የታጠቀ ግን አንድም አልነበረም። አክስትየው ዓይኗ እያበጠ እንኳ ሳቋ አምልጧት አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ከሁሉም ፊት የቆመው ባለታክሲው ነበር፤ እንደ ቁም ሳጥን የገዘፈ፣ ላይኛው ከንፈሩ ላይ ነጭ ጠባሳ ያለበት ሰው።

«ና እስቲ፣ ጎንበስ በልልኝ» አለችው እናትየው። ጠባሳውን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። «ይህን ያደረገችህ እሷ ናት አይደል?»

«አዎ እማማ፣ እሷ ናት» አለ ባለታክሲው፣ ሜዳሊያውን እንደሚያሳይ ሰው ከንፈሩን ገልብጦ።

«እሰይ የኔ ልጅ» አለች።

አሰልጣኙ ወንበሮቹን አንስቶ ወጣ።

ጠባሳው የመጣበት ፈተና ሰባት ዓመት አልፎታል። ፌንጣ ለጥቁር ቀበቶ ቀርባ፣ ብቻዋን የምትሠራውን ሁሉ ያለ እንከን ጨርሳ፣ የቀራት ከባለታክሲው ጋር የሚደረገው ፍልሚያ ነበር። በግራ አሳስታ በቀኝ ገባችበት፤ ጡጫዋ ከንፈሩ ላይ አረፈ። ደሙ ነጭ ልብሱ ላይ ተንጠባጠበ። ተመልካቹ አጨበጨበ፤ ባለታክሲው ራሱ ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ አጨበጨበ። ከፈታኞቹ መካከል የተቀመጠው ወንድሟ ግን ወረቀቷን በእስክሪብቶው ሰረዘ።

«ወድቀሻል» አላት በሰው ፊት።

«መታሁት እኮ!»

«ስለመታሽው ነው የወደቅሽው። መምታትማ መንገደኛውም ይመታል። ሊነካ ሲል የሚቆም እጅ ነው የሠለጠነ እጅ።»

«አሁን ወንድሜ ነህ ወይስ ፈታኜ?»

«እዚህ ፈታኝሽ ነኝ። ማኩረፉን ቤት ስንገባ ታደርሺዋለሽ።»

እውነትም አኮረፈችው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሰላምታ ነፈገችው። በአራተኛው ሳምንት ግን ጠዋት ሥራ ከመግባቷ በፊት አዳራሹን ራሷ ከፍታ ልምምድ ጀመረች። የሸሚዝ ቁልፍ ከጣሪያው በክር አንጠልጥላ ጡጫ ትሰነዝርበታለች፤ ቁልፏ ከተወዛወዘች እንደገና ከአንድ። አንድ ዓመት። በሁለተኛው ፈተና ባለታክሲው ላይ ያን ሁሉ ጡጫ አዝንባበት ሽፋሽፍቱን እንኳ አልነካችም። ምስጋና ሲባል የሚያንቀው አሰልጣኝ ከመቀመጫው ተነስቶ «ይኼ ነው እጅ!» አለ።

እሷም ቀበቶዋን እያጠበቀች ሳቀች። «ወንድምጋሼ፣ ካሁን በኋላ ዝንብ መግደልም የምችል አይመስለኝም።»

አዳራሹ በሳቅ አወካ። ከሁሉም አብልጦ የሳቀው እሱ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ሰዓት ሠሪው መጣ። ከመነጽር ቤቱ ፊት ለፊት፣ ደረጃው አናት ላይ፣ በአንዲት የመስታወት ሳጥን ኋላ የሚሠራ ሸምገል ያለ ሰው ነው። እናትየውን «እግዜር ያጥናዎት» ብሎ እጅ ነሳና አልቀመጥም አለ። አሰልጣኙን በዓይኑ ጠቀሰው። ሁለቱም ወደ ወጥ ቤት ገቡ፤ አሰልጣኙ በሩን ገርበብ አደረገው።

«ጋሼ፣ ሌላውን ይተዉልኝ። አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ፤ መታችው?»

ሰዓት ሠሪው መነጽሩን አወለቀ። መስታወቱን ትኩር ብሎ አየው፤ የገጠመችለት እሷ ሳትሆን አትቀርም።

«‹ጣቴን› ብላ ጮኸች እየተባለ የሚወራው ከእኔ የወጣ ነው» አለ። «ያኔ ደንግጬ ነበር፤ የሰማሁት እንደዚያ መሰለኝ። ሁለት ቀን እንቅልፍ አጥቼ ሳብሰለስለው ግን እንደዚያ አይደለም። ጣቷን የነካው የለም። ‹ጣት› ነው ያለችው። እንዲህ ኮስተር ብላ፣ ሰው እንደሚያዝ። ማንን እንደምታዝ ግን አልገባኝም።»

አሰልጣኙ የዕቃ ማጠቢያውን ጠርዝ ያዘ።

«እጇስ?»

«እጇማ መች ታየ፤ ሲቆም ነው ያየሁት። ፊቱ ጋ ደርሶ ቀጥ አለ። እኔ እድሜዬን ሙሉ ደቃቅ ነገር ስመለከት የኖርኩ ሰው ነኝ። በጡጫዋና በአፍንጫው መካከል የቀረችው ይቺ ብቻ ነበረች።» ጠቋሚ ጣቱን አጋድሞ አሳየው። «ሰውየው ዓይኑን ጨፍኖ የሚመጣበትን እየጠበቀ ነበር። ሲጠብቅ ሲጠብቅ ምንም ሲያጣ ገለጠና አያት። እሷ እጇን እንደዘረጋች ቆማለች። ያኔ ነው የገፋት።»

አሰልጣኙ ክው አለ።

«ጣት» የሚለውን ቃል ያወጣው እሱ ራሱ ነው። ሌላ ካራቴ ቤት አያውቀውም። ጡጫ የተቃራኒን አካል ሊነካ አንድ ጣት ሲቀረው እንዲቆም «ጣት!» ብሎ ይጮሃል፤ ተማሪዎቹም አብረውት «ጣት!» ይላሉ፤ በአዳራሹ ያለው እጅ ሁሉ ባለበት ይደርቃል። በሳምንት አራት ቀን፣ በቀን መቶ ጊዜ፣ ሃያ ሁለት ዓመት። ፌንጣ ያንን ሰው አልፈራችውም፣ አላዘነችለትም፣ አቅምም አላጠራትም። ትእዛዝ ፈጽማ ነው የሞተችው። አዛዡ ደግሞ እዚህ ወጥ ቤት ውስጥ ቆሟል።

የታጠቡትን ብርጭቆዎች እንደገና ማጠብ ጀመረ። ውሃው ክንዱን እያበሰበሰው አልታወቀውም።

እሷ እኮ ታውቀው ነበር! ረቡዕ ረቡዕ ለሴቶች ራስን መከላከል ስታስተምር «በዚህ ክፍል ጣት የሚል ቃል እንዳልሰማ» ብላ ከልክላ ነበር። አሮጌ ፍራሽ ግድግዳው ላይ አስደግፋ በክርን፣ በጉልበት፣ ባገኙት ሁሉ ታስደበድባቸዋለች። «አንቺ ልጅ፣ የፍራሽ አራጋፊዎች ማኅበር አቋቋምሽ እንዴ?» ብሎ ቀልዶባትም ያውቃል። «የእነዚህ እጅ መንካት አለበት፣ መንገድ ላይ ፈታኝ አይቀመጥም» ነበር መልሷ። ለሌሎቹ ሴቶች ሁሉ ነግራቸዋለች። የራሷ እጅ ግን የእሱ ተማሪ ነበር።

«ተው ልጄ፣ ታጥቧል እኮ» አለ ሰዓት ሠሪው ቧንቧውን እየዘጋ። «ለፖሊስ ያየሁትን እንዳየሁት ተናግሬያለሁ። ፍርድ ቤት ላይ መነበቡ አይቀርም። እናትህ ያን ቀን ከሰው አፍ ከሚሰሙት… ወይ እኔ ላስረዳቸው?»

«አይ» አለ አሰልጣኙ። «የእኔ ነው። እኔው እነግራታለሁ።»

ሳሎን ሲመለስ እናቱ ለአንዲት አዲስ ለቀስተኛ «ጣቷን ሰብሮባት ነው እንጂ» እያለች ነበር። ይህን ስትናገር ወገቧ ቀና ይላል። ዝም ቢል ቢያንስ እስከ ችሎቱ ቀን እንደዚሁ ቀና ብላ ትቆያለች። ዝም ለማለት የቀረው ትንሽ ነበር፤ እንዲያውም አንድ ወንበር አንስቶ ነበር። አስቀመጠው። አክስትየው እንግዶቹን ልትሸኝ እስክትወጣ ጠበቀና እናቱ ፊት ወለሉ ላይ ተንበረከከ።

«እማዬ፣ ጣቷን አልሰበረባትም።»

«ታዲያ ምን አደረጋት?»

«ምንም። እጇን ሰነዘረችና… ሊነካው ሲል አቆመችው። አልመታችውም።»

«እንዴት አትመታውም? የኔ ልጅ? ምን ሆና?»

«እኔ እንደዚያ ስላስተማርኳት። ስትመታ ጣልኳት፣ ስታቆም አሳለፍኳት። እኔ ነኝ እማዬ።»

የእናትየው ዓይን ፊቱ ላይ ተተክሎ ቀረ። በጥፊ ብትለው ደስታው ነበር፤ ጉንጩን አስጠግቶ ሁሉ ጠበቀ። እጇ ከጉልበቷ አልተነሳም። ወገቧ ግን ቀስ በቀስ ጎበጠ፤ እሱም ሲጎብጥ አየው።

«እንዴት አድርጋ ነው ያቆመችው?» አለች በመጨረሻ። «አሳየኝ።»

«ተይኝ እማዬ፣ በናትሽ።»

«አሳየኝ አልኩህ። እንዴት ሆና እንደቆመች ልየው።»

ጡጫውን ጨበጠ። ትንፋሹን ሰብስቦ ሰነዘረ። እጁ እናቱ ግንባር ፊት ደርሶ ቀጥ አለ። ልማዱ ነውና ቃሉ እስከ ጉሮሮው መጣ፤ ነክሶ አስቀረው።

እናትየው ዓይኗን አልጨፈነችም። ጡጫውን አየችው። ከዚያ በጡጫውና በእሷ መካከል የቀረችውን ትንሽ ቦታ፣ የተጻፈ ነገር እንደሚያነብ ሰው፣ ስታያት ቆየች። ልጇ በመጨረሻዋ ሰዓት የነበረችው እዚያች ቦታ ላይ ነበር።

ከዚያ ወደ ፊት ዘመም ብላ ግንባሯን ጡጫው ላይ አሳረፈችው።

ክብደቷን በሙሉ ጣለችበት። ለቅሶዋ በአጥንቱ በኩል እስከ ትከሻው ሲመጣ ተሰማው፤ ያን ጊዜ የእሱም እንባ ወረደ። አክስትየው ከሸኘችበት ተመልሳ በሩ ላይ ደርቃ ቀረች። አሰልጣኙ እጁን አላጠፈም፣ አላወረደም። ክንዱ እስኪዝል እንደዘረጋ ያዘላት።