ምስጥ የማይበላው

እታለም የወሰን ገመዱን ከማንጎው ዛፍ ፈታችው። አንድ እርምጃ ያህል ወደ ራሷ ግቢ ጎተተችና ከአንድ የቀርከሃ ችካል ጋር አጥብቃ አሰረችው። ዛፉ ከነጥላው ከነፍሬው ወደ ጎረቤቷ ወደ ሼህ ዓብዱልባሲጥ ወገን ቀረ።

«ይውሰዱት፤ ብቻ ዛሬ አይከራከሩኝ» አለች በልቧ።

ዛሬ ከማዘጋጃ ቤት ቀያሿ ትመጣለች። አዋሳኙ ጎረቤት በተገኙበት ወሰኑ ካልተለካ የግንባታ ፈቃድ የለም። ክረምቱ ደግሞ ደርሷል። አሮጌውን ቤት ምስጥ ጨርሶታል፤ ምሰሶው በጣት ሲነኩት እንደ በሶ ይረግፋል። ልጇ ስርጉት የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ከባምባሲ ወደ እናቷ ቤት ልትመጣ ነው። ጣሪያው በአራሷ ላይ ሲወርድ እታለም በሐሳቧ ስንቴ አይታዋለች።

ባሏ ሀብቱ በሕይወት ሳለ ይስቅባት ነበር። «አንቺን እኮ ዝናብ ሳይጥል ጎርፍ ይወስድሻል» ይላት ነበር። እሱ ካረፈ ወዲህ የሚስቅባት ጠፋ፤ ፍርሃቷ ብቻ ቀራት። ባል የሞተባት ሴት ወሰኗ ይገፋል ሲባል ገበያ ላይ ከሰማች በኋላ፣ ሼሁን ከሩቅ እጅ ከመንሳት በቀር ቀርባ አታነጋግራቸውም። የቤቱን ፕላን ስታሠራ እንኳ፣ «ግቢዬን ታይብኛለች» እንዳይሏት በእሳቸው በኩል ያለውን ግድግዳ ያለ መስኮት አስቀረችው።

ቀያሿ ሔለን ረፋዱ ላይ ደረሰች። ሼሁም አዋሳኝ ናቸውና ዱላቸውን ይዘው ከግቢያቸው መጡ። ሔለን ሜትሯን ዘረጋች፤ ፕላኑን አየች፤ ደግማ ለካች።

«እማማ፣ ቦታው ጠበበ። ቤቱ እዚህ ላይ አያርፍም።»

«እና ምን ይሻላል?»

«ፕላኑ እንደገና ይሠራ። በዚህ ልኬት ላጸድቀው አልችልም።»

እንደገና ማለት ከክረምት በኋላ ማለት ነው። እታለም ለሰላም ብላ የተወችው መሬት ቤቷን በላው። አሁን «ገመዱን እኔ ነኝ ያስገባሁት» ብትል ማን ያምናታል? የሰው መሬት ልትወስድ ነው ይሏታል።

ሼህ ዓብዱልባሲጥ ገመዱን በዱላቸው ነካ አደረጉት።

«ይሄ ድንበር አይደለም።»

መጣ፣ አለች በልቧ። ይኸም በዝቶባቸው ነው።

ሼሁ ግን ገመዱን ተራምደው ወደ ራሳቸው ወገን፣ ወደ ማንጎው ሄዱና ከሥሩ ቁጢጥ አሉ።

«ድንበር እዚህ ነው። ሀብቱና እኔ ማንጎ ሳንተክል በፊት ከሰል ቀበርን። እንጨት ምስጥ ይበላል፤ ድንጋይ ሰው ያነሳል። ከሰል ማን ይበላል?»

ሔለን ፈገግ አለች። «ዶማ ይኖራል?»

እታለም ዶማውን አቀበለች። ባይገኝስ? ጎርፍ ወስዶት ቢሆንስ? ሼሁ ሥሩን እንዳይነኩ እየተጠነቀቁ ቆፈሩ። ከቀዩ አፈር ውስጥ ጥቁር ፍርፋሪ ወጣ፤ ትናንት የተቀበረ ይመስል ያብለጨልጫል። አንዱን አንስተው መዳፏ ላይ አስቀመጡላት።

«እታለም፣ አንተ ገመዱን ለምን ወደ ውስጥ አስገባህ?» አሉ። አማርኛቸው ሴትና ወንድ አይለይም፤ እሷም ለምዳዋለች።

«ፈርቼ ነው።»

«ማንን ፈራህ?»

እታለም ቀና ብላ እሳቸውን አየች። ሼሁ ገባቸው፤ ለአፍታ መሬት መሬት አዩ። ከዚያ ትከሻቸው በሳቅ ተንቀጠቀጠ።

«ሀብቱ ይል ነበር፣ ‹እታለም አንድ ቀን ፈርቶ ቤቱን ለሰው ይሰጣል።› እኔ ቀልድ መስሎኝ!»

እታለም በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን እየጠረገች ሳቀች። ሔለን ሜትሩን ከማንጎው ጀምራ ዘረጋችው። ቤቱ በልኩ ገባ።

«እንግዲህ አዋሳኝ ተስማምተዋል?»

«አንድ ነገር አለ» አሉ ሼሁ።

እታለም ከሰሉን ጨበጠች። የፈራችው ይኸን ነበር።

«አሮጌው ቤት መስኮቱ ወደ እኔ ነው። ሀብቱ ሁሌ ጧት ይከፍታል፤ ‹አደርክ ወይ?› ይለኛል። እሱ ከሞተ አልተከፈተም። አዲሱ ቤት ደግሞ ወረቀት ላይ ግድግዳ ብቻ ነው። ለምን?»

ሔለን ቀና ብላ ሁለቱንም አየች። «አዋሳኝ ከፈቀዱ መስኮት ይቻላል» አለች። እርሳስ አወጣችና በባዶው ግድግዳ ላይ ትንሽ መስኮት ሣለች።

እታለም ከሰሉን እንደጨበጠች ጎንበስ ብላ አየችው። ሌባ ይገባበታል፤ ብርድ ይገባበታል፤ አራሷን ምች ይመታታል፤ ሁሉም ባንዴ መጣባት።

«ልጄ» አለች፣ «ትንሽ ሰፋ አድርጊው።»