እሜቴን ማን ላጫት?

ባለመስመሮቹ ትንንሽ ዓሣዎች የእሜቴን ጅራት ቦጫጭቀው የጨረሱት ሳምንት ሳይሞላቸው ነው።

እሜቴ ሰው አይደለችም። በፀጉር ቤቱ መግቢያ፣ ከብረት በሩ አጠገብ በቆመው የመስተዋት ገንዳ ውስጥ የምትኖር ወርቃማ ዓሣ ናት፤ ጡጫ የምታህል ወፍራም፣ ጅራቷን እንደ ሙሽራ ቬሎ የምትጎትት፣ ምግብ ሲበተንላት እንኳ የማትቸኩል። ስሙን ያወጣላት ፀጉር ቆራጩ ነው። ብቸኝነቷ አሳዘነውና ጓደኛ ይሁኑሽ ብሎ ባለጥቁር መስመሮቹን ገዛላት። ጓደኞቿም እንደ መንደር ዱርዬ ከበው ቬሎዋን በሉባት። ይህን ያየ ቀን አንድ በአንድ በመረብ እያወጣ ወለሉ ላይ በተረከዙ ጨፈለቃቸው። ወንበሩ ላይ የነበረው ደንበኛ ግማሽ ጺሙ ተላጭቶ፣ ግማሹ በሳሙና አረፋ እንደተሸፈነ አንገቱን አዙሮ ያይ ነበር።

«ጋሼ፣ ለሻጩ መመለስ ይቻል ነበር እኮ» አለ ሎጋው ከሁለተኛው ወንበር።

«መመለስ? ነፍሰ ገዳይ ይመለሳል?»

ሎጋው የፀጉር ቆራጩ ሚስት ታናሽ ወንድም ነው፤ በሁለተኛው ወንበር እሱ ይላጫል፤ ስሙን በቁመቱ የተነሳ ደንበኞች ናቸው ያወጡለት። የሚኖረው እነሱው ቤት ነው፤ ከምላጭ በቀር የሚያውቀው ሙያ የለም። ግራኝ ነው። አዲስ ደንበኛ ምላጩ ባልለመደው በኩል ሲመጣበት ይሸማቀቃል፤ አንዴ ከተላጨ በኋላ ግን ጉሮሮውን ለሌላ ሰው አያስነካም። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። ወረፋው ወደ ግራኙ ወንበር ዞሯል፤ የፀጉር ቆራጩ ወንበር ተራ የሚጠብቅ ሰው ጋዜጣ ማንበቢያ ሆኗል። ሚስቱ «ወንድሜን በዓይንህ አትብላው» ትለዋለች። «እኔ? ደግሞ ለሱ!» ይላል፤ ሲል ግን ጥርሱን ነክሶ ነው።

ብዙም ሳይቆይ ሌላ ዓሣ በላስቲክ ከረጢት ይዞ መጣ። ጥቁር፣ ቆዳው ሻካራ፣ አፉ ከሆዱ በኩል እንደ ማኅተም ክብ የሆነ። መስተዋት ላሽ ይሉታል።

«አረንጓዴውን ዝቃጭ እየላሰ ያጸዳል፤ ከማንም አይጣላም ብሎኛል ሻጩ» አለ፣ ደረቱን ነፍቶ።

ሎጋው ምላጩን ከደንበኛው አገጭ ላይ አነሳ። «ጋሼ፣ ይሄ የሞቀ ውሃ ዓሣ ነው። እሜቴ የምትወደው ቀዝቃዛ ነው። ደግሞ መስተዋቱ ላይ ያለው ሲያልቅበት ምን ሊልስ ነው? ለሷ የሚስማማት እንደሷው ወርቃማ፣ እንደሷው ዝግ ያለ ዓሣ ብቻ ነው ይላሉ።»

«ማን ነው የሚለው?»

«የሚያረቡት።»

«እህትህን ሳገባ አንተን አማክሬ ነበር?»

«አላማከርከኝም።»

«ታዲያ ለዓሣ ላማክርህ?»

ተራ የሚጠብቀው ጡረተኛ ሾፌር ጋዜጣውን አጠፈ። «ያኔ ብታማክረው ኖሮ እሷም በተረፈች!» አለ፤ ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። ፀጉር ቆራጩ አልሳቀም። ከረጢቱን በመቀስ ቀደደና ጥቁሩን ዓሣ ገንዳው ውስጥ ገለበጠው።

ምክሩ ልክ ነበር። ልክ ነገር ከምንጠላው ሰው አፍ ሲወጣ ግን ስድብ ይመስለናል። ስንት ቤት፣ ስንት መሥሪያ ቤት የፈረሰው በዚህ በሽታ ነው! ሰሚው የተነገረውን ትቶ የተናጋሪውን ፊት ያያል፣ ከዚያ ካፈርኩ አይመልሰኝ ብሎ ገደሉ ድረስ ይነጉዳል።

አንድ ጠዋት ሱቁን ሲከፍት የእሜቴ ጎን ተልጧል። ቅርፊቷ በሳንቲም ስፋት ተነስቶ ሥጋዋ ቀልቷል። መነጽሩን አድርጎ ጎንበስ አለ። ዕድሜውን ሙሉ ሲላጭ የኖረ ሰው ቁስል ሲያይ የሚያየው ምላጭ ነው። ጠርዙ ጥርት ያለ ነው። የተነሣው ከጅራት ወደ ራስ፣ ማለትም ከአበቃቀሉ ተቃራኒ ነው። በቀኝ በኩል ይጠልቃል፤ ግራኝ ሲላጭ ደግሞ ምላጩ ወደ ቀኝ ያጋድላል። ሌላ ሰው ቢሆን በሽታ ይል ነበር፤ ሻጩን ይጠይቅ ነበር። እሱ ግን በሙያው ፈረደ። እልኸኛ ሰው ማስረጃ አይፈልግም፤ ማስረጃ ይሠራል።

ሁለተኛው ቁስል ሲወጣ እሜቴ ገንዳው ወለል ላይ ተኛች። የመጀመሪያው ነጭ ሻጋታ አብቅሏል።  ያን ቀን ምሳ ሰዓት ደርሶ የመጨረሻው ደንበኛ እንደወጣ ፀጉር ቆራጩ የብረት በሩን ጎትቶ እስከ መሬት አወረደው፤ መብራቱንም አጠፋ። መንገደኛ የቤተሰብ ገበና እንዲያይበት አልፈለገም። ከበሩ ሥር ከምትገባው ቀጭን ብርሃን በቀር ቤቱ ጨለመ።

«ምነው ጋሼ?» አለ ሎጋው፣ ፎጣ እያጠፈ።

«ምላጭህን አምጣ።»

«የቱን?»

«እሜቴን የላጨህበትን።»

ሎጋው ሳቀ። ሌላ ምን ያድርግ? ዓሣ ላጨህ የተባለ ሰው ምን ይላል? «ጺም ነበራት እንዴ ጋሼ?»

የመጀመሪያው ጥፊ አፉ ላይ አረፈ። ሁለተኛው ከመስተዋቱ ጋር አጋጨው፤ የሽቶ ጠርሙሶቹ ተንኮታኮቱ። ሎጋው በቁመት ይበልጠዋል፤ ቢፈልግ አንቆ ያስቀምጠው ነበር። ግን የእህቱ ባል ነው፤ እንጀራ ያበላው ሰው ነው። ክንዱን ፊቱ ላይ ከልሎ «ጋሼ! ኧረ ጋሼ! በእህቴ ሞት!» ከማለት ሌላ አልመለሰለትም። ፀጉር ቆራጩን ይህ ጭራሽ አሳበደው። መልሶ የማይመታው ሰው የናቀው መሰለው።

የወንበሩን የብረት ራስ መደገፊያ ነቀለ። ሎጋውን ወንበሩ ሥር አንበርክኮ በጉልበቱ ተጭኖ ግራ እጁን ወንበሩ ክንድ ላይ ዘረጋው።

«እሱን አይደለም ጋሼ! እጄን ተው! የፈለግከውን ምታ፣ እጄን ተው! በምን ልበላ ነው?»

«ይሄንማ ዓሣዋን ስትልጥ ማሰብ ነበረብህ።»

መታው። ደግሞ መታው። ጣቶቹ ደረቅ ጭራሮ ሲሰበር የሚሰማውን ድምፅ አሰሙ። ሎጋው ጩኸቱን ጀምሮ ሳይጨርሰው ትንፋሽ አጠረው።

በዚያ ጸጥታ መሃል የገንዳው ውሃ ተንቦጫረቀ።

ሁለቱም ዞሩ። ከበሩ ሥር በምትገባው ብርሃን እሜቴ ስትንፈራገጥ ታየች። ጥቁሩ ዓሣ ጎኗ ላይ ተለጥፏል፤ ክብ አፉን ቀዩ ሥጋ ላይ ደፍቶ፣ ግልገል ጡት እንደሚጠባ ራሱን እየነቀነቀ ይግጣል። ብርሃን ሲኖር ከድንጋይ ሥር የሚደበቀው ፍጡር፣ ቤቱ ሲጨልም ለማዕድ ወጥቷል። መስተዋቱን ልሶ ጨርሶ ሌላ የሚላስ አግኝቷል።

ፀጉር ቆራጩ ብረቱን ጣለ። ክንዱን እስከ ብብቱ ነክሮ ጥቁሩን ዓሣ ጨበጠና ሳበው፤ የእሜቴ ቆዳ አብሮ መጣ። እሾሁ መዳፉን ወጋው። ወለሉ ላይ ጥሎ ረገጠው፣ ረገጠው፣ ዓሣ መሆኑ እስኪጠፋ ረገጠው። እሜቴ በጎኗ ተንሳፈፈች።

«ሎጋው» አለ፣ ሳይዞር።



በሩ ተንኳኳ። «ምን ሆናችሁ ዘጋችሁት? ምሳው ቀዘቀዘ እኮ!» ሚስቱ ናት።

ፀጉር ቆራጩ ተንበረከከ። «የኔ ወንድም፣ በሩ ወደቀብኝ በላት። በሩ ነው በላት።»

ሎጋው ተነስቶ በቀኝ እጁ በሩን ወደ ላይ ገፋው። ብርሃን ገባ። እህቱ የምሳ ሳህኑን እንደያዘች የወንድሟን እጅ አየች፤ እጅ አይመስልም።

«ማን ነው?»

«ጋሼ ነው» አለ ሎጋው።

 ሳህኑን ወንበር ላይ አስቀመጠች። በሩን መልሳ እስከ ወገቧ አወረደችው። ከወለሉ ላይ ደም የነካውን ብረት አነሳችና ለባሏ ወንበሩን ጠቆመችው።

«እጅህን አስቀምጥ።»

«እህት ዓለም፣ ተይ» አለ ሎጋው፣ ግድግዳውን ተደግፎ። «ሁለታችንም ከተሰበርን ማን ይላጫል?»

«ተዋት» አለው ፀጉር ቆራጩ። ቀኝ እጁን፣ በእሾህ የተወጋውን፣ ወንበሩ ክንድ ላይ ዘረጋ። የወንድሟ ደም ገና አልደረቀም። ሚስቱ ብረቱን ስታነሳ ከእጇ ሊያመልጥ ሲል አየ።

«አጥብቀሽ ያዢው» አላት። «ያዳልጣል።»