ያልተንቀሳቀሰው ቁጥር

ሜሪ ልጇን ሩትን የወለደቻት ስምንተኛ ወሯን እንደያዘች ነው። ሕፃኗ ሆስፒታል ውስጥ ማሞቂያ ገብታ ሦስት ሳምንት ስትተኛ፣ ሜሪ ከጎኗ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጣ የምታየው የልጇን ፊት ሳይሆን ከራስጌዋ የተሰቀለውን ስክሪን ነበር። ቁጥሩ ከዘጠና በላይ ሲሆን እፎይ ትላለች፤ ዝቅ ሲል የራሷም ትንፋሽ ይቆማል። በሃያ ሁለተኛው ቀን "ድናለች፣ ውሰጃት" ተብላ ሶዶ ከዳሞታ ተራራ ሥር ወዳለው ቤቷ ስትገባ፣ ስክሪን የሌለበት ቤት አስፈራት። እንቅልፍ አጣች። በየሩብ ሰዓቱ ጆሮዋን ከልጅቷ አፍንጫ ጋር እያገናኘች ታዳምጥ ጀመር።

ባሏ ኤልሳዕ ይህን አይቶ ነው ዱባይ ለሚሠራው ወንድሙ የነገረው። ከወር በኋላ አንዲት ትንሽ ካርቶን መጣች። ውስጧ ለሕፃን እግር የሚሆን ለስላሳ ካልሲ ነበር፤ ካልሲው ላይ እንደ አዝራር ያለች መሣሪያ ተሰፍታለች። መሣሪያዋ የልብ ምትንና በደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን እያነበበች ሶኬት ላይ ወደተሰካ ክብ ነገር ትልካለች፤ እሱ ደግሞ በቤቱ ዋይፋይ አድርጎ የትም ላለ ስልክ ያቀብላል፤ ቁጥሩ ሲወርድ ስልኩ ይጮኻል። ሜሪ ካልሲውን ለሩት ባጠለቀችበት ቀን ስልኳ ላይ ሁለት አረንጓዴ ቁጥሮች ወጡ። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ተኛች።

የወሊድ ፈቃዷ አልቆ ባዮሎጂ ወደ ማስተማሯ ስትመለስ፣ ልጅቷን ለመያዝ የኤልሳዕ እናት እማማ አባይነሽ ከሁምቦ መጡ። የቆላ ሰው ናቸውና የሶዶ ብርድ አልተስማማቸውም፤ ቤት ውስጥ እንኳን የልጃቸውን ጃኬት ደርበው ነበር የሚውሉት። አምስት ልጆች አሳድገዋል። ሜሪ ሐዋሳ ያደገች ስለሆነች ወላይትኛ ትሰማለች እንጂ መናገሩ አይሆንላትም፤ ስለዚህ እማማ ከእሷ ጋር የሚነጋገሩት በአማርኛ ነው። በሳቸው አማርኛ ደግሞ ሕፃን ሁሉ ወንድ ነው፤ ሩትንም "ልጁ" ነው የሚሏት። ካልሲው እንዳይወልቅ ተነግሯቸው ነበር፤ አላወለቁትም።

ነገሩ የሆነው በሰኔ፣ በአንድ ማክሰኞ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ዘንቦ ዳሞታን ጉም ውጦታል። ሩት ከትናንት ጀምሮ አፍንጫዋ ይፈስሳል፤ ትንሽ ትስላለች። ሜሪ ቦርሳዋን ይዛ ልትወጣ ስትል እማማ በሩ ላይ ቆመው፣ ልጁ ዛሬ ፊቱ ደስ እንዳላላቸው ነገሯት። ሜሪ ስልኳን አየች። ዘጠና ስምንት ይላል። አይዞዎት ብላ፣ ያለበችውን የጡቷን ወተት ያስቀመጠችበትን ቦታ አሳይታ ሄደች። የዓመቱ ማጠቃለያ ፈተና ነበር፤ አሥረኛ ክፍሎችን የምትፈትነው እሷ ናት።

አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ስልኳ ኪሷ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። ወደ በሩ ወጣ ብላ አነሳችው።

"ልጁ ጡጦውን እምቢ አለ" አሉ እማማ አባይነሽ። "ሲተነፍስ ሆዱ ወደ ውስጥ ይገባል። ሆስፒታል ልውሰደው?"

ሜሪ ስልኩን ከጆሮዋ አንስታ ተመለከተች። ኦክስጅን ዘጠና ስምንት፣ የልብ ምት መቶ ሠላሳ ሁለት። ሁለቱም አረንጓዴ ናቸው።

"እማማ፣ እዚህ ሆኜ እያየኋት ነው፤ ምንም አልሆነችም" አለች። "አፍንጫዋ ተዘግቶባት ነው። በዚህ ብርድ ከቤት እንዳያወጧት።" ከኋላዋ ተማሪዎቹ ሲንሾካሾኩ ሰማችና ቸኮለች። "ደግሞ ፈተና ላይ ነኝ። በየትንሹ አይደውሉልኝ።"

እማማ "እሺ" ብለው ዘጉ።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ እንደገና ደወሉ። ሜሪ ስልኩን ሳታነሳ ቁጥሩን አየች። ዘጠና ስምንት፤ መቶ ሠላሳ ሁለት። ጥሪውን ዘጋችው። እንዲያውም ፈገግ አለች፤ ኤልሳዕ ከመስክ ሲመለስ የእናቱን ፍርሃት እንዴት አድርጋ እንደምታወራለትና እንዴት እንደሚስቁ አሰበች። ይህቺ ፈገግታ ኋላ ላይ ከሁሉም በላይ ያቃጠለቻት ነገር ናት።

ፈተናው አምስት ሰዓት ተኩል ላይ አልቆ ወረቀቱን አስረክባ መምህራን ማረፊያ ስትገባ ክፍሉ ጨለምለም ብሏል። ሻይ የምታፈላው ሴት ከሰል ላይ ማንቆርቆሪያ እየጣደች፣ ከተማው በሙሉ ከሦስት ሰዓት ተኩል ጀምሮ መብራት የለውም ብላ አማረረች።

ሜሪ ስልኳን አወጣች። ዘጠና ስምንት። መቶ ሠላሳ ሁለት። ለመጀመሪያ ጊዜ ከቁጥሮቹ ሥር ያለውን ግራጫ ጽሑፍ አነበበችው። መጨረሻ የተነበበው ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው ይላል። መብራት ሲጠፋ ሶኬቱ ላይ ያለው ነገር ሞቷል፤ ዋይፋዩም ሞቷል። ስልኩ የያዘው የቆየ ቁጥር ነበር። ሁለት ሰዓት ሙሉ አንድም ጊዜ አልተንቀሳቀሰም፤ እሷ ደግሞ ልብ አላለችም። በሕይወት ያለ ልብ ቢስል፣ ቢያለቅስ፣ ቢተኛ ይለዋወጣል እንጂ አንድ ቦታ አይቆምም ብላ ሰሌዳ ላይ እየጻፈች የምታስተምረው እሷው ነበረች።

እማማ ጋ ደወለች። ሦስተኛው ጥሪ ላይ የማታውቃት ሴት አነሳች። ነርስ ናት። የሕፃኗ እናት መሆኗን ጠየቀቻትና ቶሎ ሆስፒታል እንድትመጣ ነገረቻት።

ባጃጅ ውስጥ ምን እንዳሰበች አታስታውስም። ሕፃናት ክፍል ስትደርስ ሩት አፍንጫዋ ላይ ቀጭን ቱቦ ተደርጎላት፣ ደረቷ ቶሎ ቶሎ ከፍ ዝቅ ይላል። እማማ አባይነሽ ከአልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል። ጃኬቱ እላያቸው ላይ የለም፤ ሕፃኗን የጠቀለሉት በእሱ ነበር። ነጠላ ጫማቸው በጭቃ ተለውሷል።

ተረኛው ሐኪም ዶክተር ኃይለመስቀል ይባላል፤ ከጎንደር ተመድቦ የመጣ ወጣት ነው። የሳንባ ምች እንደሆነ፣ ስትመጣ ኦክስጅኗ ሰማንያ አንድ እንደነበር ረጋ ብሎ አስረዳት። ከዚያ በአገጩ ወደ እማማ አመለከተ።

"እኒህ እናት ባይፈጥኑ ኖሮ ሌላ ነገር ነበር የምንነጋገረው" አላት።

በዚያው ቅጽበት ኤልሳዕ ደወለ። ግብርና ቢሮ ነው የሚሠራው፤ ያን ሳምንት ለመስክ ሥራ በዴሳ ከተማ ነበር። ጎረቤት ነግሮታል። ድምፁ እየተቆራረጠ ልጄ አለች ወይ አላት። አለች፣ ኦክስጅን ላይ ናት አለችው። ሲያለቅስ ሰማችው። ከዚያ በምን አወቃችሁ ብሎ ጠየቃት።

እውነቱ አፏ ላይ ነበር። እናትህ ሁለቴ ደወሉልኝ፤ አንዴ ተቆጣኋቸው፤ አንዴ ዘጋሁባቸው። ይህን ማለት አቃታት።

"ስልኬ ላይ አየሁት" አለች። "ቁጥሩ ወረደ።"

እማማ አባይነሽ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ናቸው። ሰምተዋል። ቀና ብለው አዩዋት። ከዚያ ፊታቸውን መልሰው የሩትን እግር ይሸፍኑ ጀመር።

ሩት በስድስተኛው ቀን ወጣች። ውሸቱ ግን ከሆስፒታል ቀድሞ ወጥቶ ከተማውን ዞሮት ነበር። ኤልሳዕ ለመሥሪያ ቤቱ ሰዎች፣ ለጎረቤት፣ ዱባይ ላለው ወንድሙ፣ ላገኘው ሁሉ ተናግሯል። እሁድ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ጉባኤው ፊት ቆሞ ምስክርነት ሰጠ። እግዚአብሔር በአንዲት ካልሲ ተጠቅሞ ልጄን ከሞት አወጣት፤ ሚስቴ ሥራ ቦታዋ ሆና ስልኳ ላይ አይታ ደረሰችላት አለ። ሰዉ አጨበጨበ። ሜሪ ልጇን አቅፋ አንገቷን ደፋች፤ ሰዎች በደስታ የምታለቅስ መሰላቸው። እማማ ከጎኗ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ወደ ፊት ይመለከታሉ።

ከዚያ ወዲህ ሜሪ አማቷን ቀና ብላ ማየት ተሳናት። ከሥራ ስትመጣ ወተት ታፈላላቸዋለች፣ ሳይጠይቋት ወፍራም ሹራብ ገዛችላቸው፣ እግራቸውን ላጥብ አለች። እማማ ሁሉንም "እሺ፣ ተባረኪ" እያሉ ተቀበሉ። አንድ ቃል ቢወቅሷት ይቀላት ነበር። አንድ ቀን በቆሎው አረም ሊውጠው ነው፣ ወደ ሁምቦ ልመለስ ሲሉ ሰማችና በእሷ ምክንያት እንደሆነ ጠረጠረች። ልትጠይቃቸው ግን አልደፈረችም።

በሦስተኛው ሳምንት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ፈጠነች መጣች። ፈጠነች ከሜሪ ጋር በአንድ መዘምራን ውስጥ የነበረች፣ አግብታ ዲምቱ የወረደች ሴት ናት። እሷም ወሩ ሳይሞላ ወንድ ልጅ ወልዳለች፤ ልጁ ጡጫ ያህላል። ከቦርሳዋ ልክ እንደ ሩት ካልሲ ያለ አወጣች፤ የኤልሳዕን ምስክርነት ሰምታ ከአዲስ አበባ አስመጥታው ኖሯል። ኤልሳዕ ደስ ብሎት ስልኳን ተቀበላትና እንዴት እንደሚገናኝ ያሳያት ጀመር።

ፈጠነች ልጇን እያጠባች ታወራለች። የሶዶው ሐኪም ለምርመራ በየሐሙሱ አምጪው ብሏታል። ከዲምቱ በሚኒባስ እየተጋፉ፣ በዝናብ፣ ይህን የሚያህል ልጅ ይዞ መምጣት ስቃይ ነው። አሁን ግን ተገላገለች።

"እንግዲህ ካልሲው ይነግረኛል" አለች። "ካልጮኸ ምን አስወጣኝ? አንቺ ምስክር አይደለሽ?"

ሜሪ የፈጠነችን ልጅ አየችው። ጡቱን ለቆ አፉን ከፍቶ ተኝቷል።

"እኔ ዋሽቻለሁ" አለች።

ኤልሳዕ ከስልኩ ቀና አለ።

"ካልሲው ምንም አልነገረኝም። መብራት ጠፍቶ ነበር፤ ያየሁት የቆየ ቁጥር ነው። እማማ ልጅቷ አልጠባችም፣ አተነፋፈሷ ልክ አይደለም ብለው ደወሉልኝ። ተቆጣኋቸው። ሁለተኛ ሲደውሉ ዘጋሁባቸው። እሳቸው ናቸው እምቢ ብለው በጃኬት ጠቅልለው የወሰዷት። ፈጠነች፣ ሐሙስ እንዳትቀሪ። እባክሽ።"

ፈጠነች ካልሲውን ቀስ ብላ ወደ ቦርሳዋ መለሰችው፤ ልጇን ደረቷ ላይ አስጠጋች። ኤልሳዕ እናቱን በወላይትኛ አንድ ነገር ጠየቃቸው። እማማ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። እውነት ነው ማለታቸው ነው። እሱ ተነስቶ ወጣ።

ሲመለስ ፈጠነች ሄዳለች። ሜሪ ይጮህብኛል ብላ ጠብቃ ነበር፤ ድምፁ ግን ዝቅ ያለ ነበር።

"ጉባኤ ፊት አቁመሽ አስዋሸሽኝ" አላት። "እናቴ አጠገብሽ ተቀምጣ።"

"እሁድ እኔ እቆማለሁ" አለች።

ቆመችም። ንግግሯ እንደ ኤልሳዕ ምስክርነት አልረዘመም፤ ሁለት ደቂቃ አይሞላም። ማንም አላጨበጨበም። አንድ ሽማግሌ ተነስተው ጸለዩላት። ሲወጡ አንዳንድ ሴቶች ከበፊቱ ጠበቅ አድርገው አቀፏት፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ሰላምታቸውን አሳጠሩ፤ ሁለቱንም ይገባኛል ብላ ተቀበለች። ኤልሳዕ ለብዙ ቀን ከአስፈላጊው ነገር በቀር አላናገራትም። ፈጠነች ግን ሐሙስ መጣች፤ በሚቀጥለውም ሐሙስ። ከቀጠሮዋ ስትመለስ እነሜሪ ቤት ገብታ ምሳ ትበላለች፣ ትንሽ ጋደም ትላለች፣ ከዚያ ወደ ዲምቱ ትሳፈራለች።

እማማ አባይነሽ ወደ ሁምቦ በሚሄዱበት ቀን ዋዜማ፣ ሜሪ ልብሳቸውን ስታጣጥፍ በመጨረሻ ድፍረት አገኘች። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነበር፤ ሩት አልጋዋ ላይ ተኝታለች። ይቅርታ ጠየቀቻቸው። ከዚያ ሲያብሰለስላት የኖረውን አነሳች።

"ለምን ዝም አሉ፣ እማማ? ያን ቀን ሆስፒታል ውስጥ ሊያጋልጡኝ ይችሉ ነበር።"

እማማ ወደ ሩት አልጋ ተመለከቱ።

"አንቺን ልሸፍን መሰለሽ?" አሉ። "ምንም አልሆነም ስትይኝ እኔም ሰማሁሽ። የተማረች ናት፣ ታውቃለች አልኩ። ልጁን መልሼ አስተኛሁት። ግማሽ ሰዓት ቁጭ ብዬ ሆዱ ሲገባ፣ ሲወጣ አየሁት። አምስት ልጅ ያሳደግሁ ሴት ነኝ፤ አይቼዋለሁ፣ አውቄዋለሁ፤ ግን ተቀመጥሁ። ሞቶ ቢሆን ያ ግማሽ ሰዓት የኔ ነበር። ምን ብዬ ልክሰስሽ?"

ሜሪ ሸክሜ ይቀልልኛል ብላ ነበር፤ ይልቁንም ያን ግማሽ ሰዓት የጫነችባቸው ራሷ እንደሆነች ገባት። የያዘችውን ልብስ አስቀምጣ አጠገባቸው ተቀመጠች። እማማ እጃቸውን ዘርግተው ጉልበቷን ያዙ። ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታ ጀመር። ሩት በእንቅልፏ ተገላበጠች፤ ሁለቱም አንድ ላይ ተነሱ።