ግራኙ ጊዮርጊስ

መጀመሪያ የሰማችው ኳኳታውን ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ የሚመጣ ቀጭን የመዶሻ ድምፅ፤ ሚስማር ሳይሆን እንቁላል የሚመታ ይመስል ፈራ ተባ ይላል። ሄስተር በመቃብሮቹ መካከል ቆም አለች። የልጇ መስኮት እየተገጠመ ነው። የሎረንስ ሬሳ ከጦርነቱ አልተመለሰም፣ የፈረንሳይ ጭቃ ውስጥ ቀርቷል፤ እዚህ አገር ያለው መቃብሩ ይኸው መስታወት ብቻ ነው።

ገባች። መስታወት ገጣሚው ጋርሳይድ መሰላል ላይ ቆሞ የመጨረሻዋን ሚስማር ይመታል። ባሏ ብረት ቀጥቃጩ አሞስ ፊተኛው አግዳሚ ላይ ተቀምጧል፤ ቄስ ፔልሃም አጠገቡ ቆመዋል።

ቀና አለች። ቅዱስ ጊዮርጊስ ከነዘንዶው ቀይና ሰማያዊ ሆኖ በርቷል። ፊቱ ከፎቶግራፍ የተቀዳ የሎረንስ ፊት ነው፤ ያቺ ወደ አንድ ጎን የምታደላ ከንፈሩ እንኳ አልቀረች። አግዳሚውን ያዘች።

«ጉድ ነው!» አሉ ቄሱ ድንገት። «ጦሩን በግራው ነው እኮ የያዘው!»

ጋርሳይድ አንገቱን አጠማዞ አየ። «እውነትም! ንድፉን መስታወቱ ላይ ሲያሳርፉት ገልብጠውት ነዋ።» ራሱን አከከ። «ዘንዶው እንደሁ በየትኛው እጅ እንደተወጋ ግድ ያለው አይመስልም።»

«አትቀልድ ሰውዬ! እሁድ ጳጳሱ ሊባርኩት ይመጣሉ። ግራኝ ጊዮርጊስ አይተው ምን ይላሉ? ወርዶ እንደገና ይሠራ።» ወደ አሞስ ተመለከቱ። «መቼም ስጦታው የእናንተ ነው፤ የሚወስኑት እርስዎ ነዎት፣ አቶ አሞስ።»

ሄስተር አፏን በእጇ ከደነች፤ ሳቋ ሊያመልጣት ነበር። ሎረንስ ማንኪያ መያዝ ከጀመረበት ቀን አንሥቶ ግራኝ ነበር። አሞስ «ግራ እጅ ለበጎ አልተፈጠረም» እያለ እጁን በቀበቶ ከወንበሩ ጋር ያስርበታል፤ ልጁ በቀኙ ሾርባውን እየደፋ፣ እያለቀሰ ይበላል። ካደገ በኋላ፣ አባቱ ገበያ የወጣ ዕለት መዶሻውን በግራው አንሥቶ ብረቱን ሲያዘፍነው እሷ በር ላይ ቆማ ትጠብቅለታለች። ታዲያ አንድም ቀን አሞስን «ተወው» ብላው አታውቅም። ልጁም በቀኙ መተኮስ ተምሮ ሄደ።

«አይወርድም» አለች።

ቄሱ ዞሩ። «ወይዘሮ ሄስተር፣ ስሕተት እኮ ነው።»

«ይሁና። ስሕተቱ ልጄን መለሰልኝ። አቃንታችሁ ከምታመጡልኝ ባዶውን ግድግዳ ተዉልኝ።» አንዴ ጀምራዋለች፣ አላቆመችም። ወደ ባሏ ዞረች። «አሞስ፣ ያን እጅ ሁለተኛ አታስርብኝም። ሰማህ?»

 የአሞስ አንገት እሳት ዳር እንደቆመ ሰው ቀላ።

«እኔስ ምን ላድርግ፣ ጌታው?» አለ ጋርሳይድ። «ላውልቀው ወይስ ልተወው?»

አሞስ ተነሥቶ መስኮቱ ሥር ሄደ። ጦሩን የያዘችውን እጅ አያት፤ ጣት በጣት፣ አንጓ በአንጓ አያት። ሰማያዊው ብርሃን ጢሙ ላይ አርፏል።

«መሰላልህን አንሥተህ ሂድ» አለ በመጨረሻ።

«ይቆይ ማለትዎ ነው? ለጳጳሱስ ምን ልበላቸው?» አሉ ቄሱ። «አቶ አሞስ! ኧረ ምክንያቱን እንኳ ይንገሩኝ!»

ሄስተርም ስሙን ጠራችው፤ ቀስ ብላ። አሞስ ቆቡን እዚያው ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ እስከ ዓይኑ ድረስ ደፋ፤ በኖረበት ዘመን ሁሉ እንዲህ አድርጎ አያውቅም። በሩን ገፍቶ ወጣ።